ዓይን የሚጠፋው በመዘግየት ነው

(በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ዓይን ጤና የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዓይን ነው። ዓይናችሁ ቀድሞ እርሻውን፣ ከብቱን፣ መንገዱንና የሰውን ፊት ያይ ነበር። አሁን ደግሞ አዲስ ሥራ አግኝቷል። ፊደል ያያል፤ ቃል ይለያል፤ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያነባል። ስለዚህ ስለ ዓይን መነጋገር ስለ ንባብም መነጋገር ነው።

እኛ ተማሪዎች በፍኖተ ሰላም ዙሪያና በቡሬ ገጠር ስንዞር ስለ ዓይን ብዙ ጥያቄ ተጠይቀናል። አንዳንዱን በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ አንዳንዱን በአውድማ፣ አንዳንዱንም በቡና ላይ ሰምተነዋል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የምንነግራችሁ ሐኪሞች አጥንተው ያረጋገጡትን ነው። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እናንሣቸው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን ብዙውን ጊዜ ዓይን የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ያሳክካል። ቀጥሎ ያለቅሳል። ቀጥሎ ይወጋል። በመጨረሻ ይጨልማል። በመካከሉ ብዙ ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው "ይተወኝ ይሆናል" እያለ ይቆያል። እንግዲህ ዓይን የሚጠፋው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በመዘግየትም ነው ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ስለ ዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ1000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኙ። ታዲያ ከ100 ዓይነ ስውራን 87ቱን ያሳወራቸው ነገር ቀድሞ ሊከላከሉት ወይም በሕክምና ሊያድኑት የሚቻል ነበር። "የእግዜር ቁጣ ነው፤ ዕጣዬ ነው" እየተባለ የተቀመጠው ብዙው ሰው በጊዜ ቢታከም ኖሮ ዛሬ ያይ ነበር።

1ኛ ጥያቄ፦ "የአያቴ ዓይን ጠፋ፤ የእናቴም ጠፋ። ታዲያ የዘር አይደለም ወይ?"

አይደለም። በገጠራችን ከእናት ወደ ልጅ ሲሄድ የሚታየው በሽታ የዓይን ማዝ ነው። ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። የሚመጣው በዓይን በማይታይ ረቂቅ ተሐዋስ ነው። ተሐዋሱ በደም አይወረስም። የሚተላለፈው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው።

እስቲ እናስበው። ማታ ልጆች በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። አንድ ጋቢ ይለብሳሉ። የአንዱ ዓይን ታሟል። ዓይናሩ ጋቢውን ይነካል፤ ጋቢው የሌላውን ልጅ ዓይን ይነካል። ጠዋት እናት ትነሣና የታመመውን ልጅ ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። በዚያው ጫፍ የትንሹን ልጅ ዓይን ትጠርጋለች። በዚያው ጫፍ የራሷን ላብ ትጠርጋለች። እናት ይህን የምታደርገው በፍቅር ነው። በሽታው ግን በዚሁ መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

አያት፣ እናትና ልጅ የሚታመሙት ደማቸው አንድ ስለሆነ አይደለም። ቤታቸው፣ ጨርቃቸውና ዝንባቸው አንድ ስለሆነ ነው። ከወንዶች ይልቅ ብዙ ሴቶች በዚህ በሽታ የሚጎዱትም ለዚህ ነው። ልጅ የምታቅፈው፣ የምታጥበውና አብራ የምትተኛው እናት ናትና።

ታዲያ እንዴት አድርጎ ያሳውራል? አንድ ጊዜ ቢይዝ አያሳውርም። በልጅነት እየደጋገመ ሲይዝ ግን የላይኛው የዓይን ቆብ ከውስጥ ይቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። እሳት የፈጀው ቆዳ ሲድን እንዴት እንደሚኮማተር ታውቃላችሁ። ቆቡም እንደዚሁ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል። ሰው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ዓይኑን ይጭረዋል። መስተዋት በአሸዋ ቢታሽ ይደበዝዛል። ዓይንም እንደዚያ ይደበዝዛል፤ ነጭ ጠባሳ ያወጣል፤ ይጨልማል። በልጅነት የተጀመረው በሽታ ዓይን የሚያጠፋው በጎልማሳነትና በእርጅና ነው። ስለዚህ የዛሬን እናት ዓይን የሚያድነው ሕክምና ሌላ ነው፤ የነገዋን እናት ዓይን የሚያድነው ደግሞ የዛሬዋን ልጅ መጠበቅ ነው።

በዚያው በ1998 ዓ.ም. ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 10 ልጆች 6ቱ ይህ በሽታ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ ግን ገና አልጠፋም።

2ኛ ጥያቄ፦ "ልጅ ዓይናር ቢኖረው ምን አለበት? የልጅ ወግ እኮ ነው።"

ከእንቅልፍ ሲነሡ በዓይን ጫፍ ላይ የምትገኝ ጥቂት ደረቅ ነገር በሽታ አይደለችም። ቀኑን ሙሉ የሚፈስ፣ የሚጣበቅና ዝንብ የሚሰበስብ ዓይናር ግን የልጅ ወግ አይደለም። ዝንብ ዓይናሩን ይቀምሳል፤ ተሐዋሱን በእግሩና በአፉ ይዞ ወደ ሌላው ልጅ ይበራል።

የልጅን ፊት ቢያንስ ጠዋትና ማታ ማጠብ ይገባል። "ውሃ ከወዴት ይመጣል? ወንዙ ሩቅ ነው" ያላችሁን ሰምተናል። እውነት ነው፤ ውሃ የምትቀዳው እናት ድካሙን ታውቀዋለች። ፊት ለማጠብ ግን እንስራ ሙሉ ውሃ አያስፈልግም። አንድ ቅል ወይም አሮጌ ጄሪካን ውሰዱ። ከታች በምስማር ትንሽ ቀዳዳ አብጁና በእንጨት ውተፉት። ውሃ ሙሉበትና ከደጅ ስቀሉት። ውታፉን ነቀል ሲያደርጉት ውሃው ቀጠን ብሎ ይወርዳል። አንድ ጣሳ ውሃ ለቤቱ ልጆች ሁሉ ይዳረሳል። ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ባይኖር በውሃ አጥርቶ ይታጠብ። ከዚያ ፊቱን ይታጠብ። በአንድ ጨርቅ ሁሉንም ልጆች አትጥረጉ። ንጹሕ ጨርቅ ለእያንዳንዱ ከሌለ ፊቱ በነፋስ ቢደርቅ ይሻላል።

3ኛ ጥያቄ፦ "ከብት ባለበት ዝንብ አይጠፋም። ምን እናድርግ?"

ዝንብ ሁሉ አንድ አይደለም። የልጆችን ዓይን የሚወደው ዝንብ ከሁሉ አብልጦ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ግን ይህ ዝንብ አይራባም። በምዕራብ አፍሪቃ በጋምቢያ አገር ይህ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ሽንት ቤት በተሠራላቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ከ100 እጅ 30 ያህል ቀነሰ።

ሩቅ ሳንሄድ ከጎረቤታችን ከምሥራቅ ጎጃም ምሳሌ አለን። በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በራሳቸው ጉልበት፣ በአካባቢያቸው እንጨትና ጭቃ ሽንት ቤት ሠርተዋል። ሽንት ቤት ለሴቶች ሌላም ጥቅም አለው። በቀን ወደ ሜዳ መውጣት ነውር ስለሚሆንባቸው እስኪመሽ ድረስ ተጨንቀው የሚውሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ጉድጓድ መቆፈር የወንድ ሥራ ነው ከተባለ እንግዲህ ወንዶች ሆይ፣ ዶማውን አንሡ። በረቱንም ከመኖሪያ ቤት አርቁ፤ እበቱን ጥረጉ፤ ቆሻሻውን ቅበሩ።

4ኛ ጥያቄ፦ "ለመንደሩ ሁሉ የሚታደለው መድኃኒት ያመክናል ይባላል። ደግሞስ ያልታመመ ሰው ለምን ይውጣል?"

በኅዳር ወር 2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመጀመሪያው "ማልትራ" የተባለ ሳምንት ተካሄደ። ስሙ የወባና የትራኮማ የውጭ ስሞች ተቀናጅተው የወጣ ነው። ለትራኮማ የሚታደለው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ይባላል። የተሐዋስ ማጥፊያ ነው። ለትልቅ ሰው እንክብል፣ ለትንሽ ልጅ ሽሮፕ ይሰጣል። መጠኑ የሚለየው በቁመት ስለሆነ በመለኪያ እንጨት ይለካሉ። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን የሚሰጠው የዓይን ቅባት ነው።

መድኃኒቱ አያመክንም። ሐኪሞች ለደረትና ለጉሮሮ በሽታም ያዙታል። አንዳንድ ሰው ጥቂት ሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ሊሰማው ይችላል፤ ያልፋል። ለሁሉም የሚሰጠው ተሐዋሱ ሕመም በማይሰማው ሰው ላይም ስለሚኖር ነው። ከ20 ቤት 1 ቤት ቢቀር ተሐዋሱ በዚያ ቤት ተሸሽጎ ይቆይና ተመልሶ ይወጣል። አረም ከማሳው ጥግ ላይ ቢተው እንደሚመለስ ማለት ነው።

"እንግዲያው መድኃኒቱ ካለ መታጠቡ ለምን?" የሚልም አለ። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለብዙ ዓመታት ጥናት ተደርጓል። መድኃኒቱ ሲሰጥ በሽታው በጣም ቀነሰ። መድኃኒቱ በቆመባቸው መንደሮች ግን ተመልሶ መጣ። በዋግ ኽምራ ደግሞ ውሃ እንዲቆፈር፣ ሽንት ቤት እንዲሠራና ሰው እንዲታጠብ ለ3 ዓመት ተሠርቶ ነበር። ይህም ለብቻው ተሐዋሱን አልቀነሰውም። ከሁለቱ የምንማረው ነገር አንድ ነው። በአንድ በሬ አይታረስም። ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ የፊት ንጽሕናውና የአካባቢ ጽዳቱ አብረው መሄድ አለባቸው። የጋና ሕዝብ እንዲህ ደክሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማ በአገሩ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦለታል። ጋናውያን የቻሉትን እኛም እንችላለን።

5ኛ ጥያቄ፦ "ወረንጦ ካለኝ ሐኪም ለምኔ?"

በቡሬ ገጠር አንዲት እናት እንዲህ አሉን። "ልጆቼ፣ ወረንጦዬ ባለውለታዬ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ይኸኔ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር።" ፀጉሩን የምትነቅልላቸው የ11 ዓመት ልጃቸው ናት። በየሦስት ቀኑ ደጅ ላይ ተቀምጠው ትነቅልላቸዋለች። ገበያ ሲሄዱም እጃቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። ገበያውም ሆነ ነቀላው በትምህርት ሰዓት ነው።

"እናቴ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ለምን አይሄዱም?" አልናቸው።

"ጤፉ ይግባና" አሉ።

"ከዚያ በኋላስ?"

"በርበሬው ሳይለቀም ወዴት እሄዳለሁ?"

"በርበሬው ሲለቀምስ?"

ሣቁና "ከዚያማ ጾሙ ይገባል፤ ማን እንጀራ ይጋግርልኛል?" አሉን።

እኚህ እናት ሰነፍ አይደሉም። ሥራ የማይለቃቸው ሴት ናቸው። ጤፉ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ በርበሬውም በየዓመቱ ይመጣል። የዓይን ብርሃን አንዴ ከሄደ በየዓመቱ አይመጣም። እዚህ ላይ ደግሞ የሚጎዱት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ልጅቷም ከፊደል እየራቀች ነው። አንድ በሽታ የሁለት ሰው ብርሃን ይወስዳል ማለት ነው።

ወረንጦው ምን ጉዳት አለው? የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ወረንጦው የዶለዶመ ከሆነ ፀጉሩን ከሥሩ አይነቅለውም፤ መካከሉ ላይ ይሰብረዋል። የተሰበረው አጭር ፀጉር እንደ አጨዳ ቅሪት የሾለ ነውና ከረጅሙ ይልቅ ይወጋል። የታጠፈው ቆብም እንደታጠፈ ይቀራል።

እውነቱን ሳንሸፍን እንናገር። በ2000 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጥቂት ፀጉር ብቻ የታጠፈባቸው 1300 ሰዎች በጥናት ተይዘው ነበር። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ግማሾቹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጣቸው፤ በደንብ የሚያይ ሰው እንዲነቅልላቸውም ሥልጠና ተሰጠ። ከ2 ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች የማየት ኃይል ላይ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ፀጉሩ ጥቂት ለሆነና ሐኪም ላየው ሰው በጥሩ ወረንጦና በሠለጠነ እጅ መንቀል ለጊዜው ሊረዳ ይችላል። ብዙ ፀጉር ለታጠፈበት ግን መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ጥቂት ይሁን ብዙ የሚለየው ሐኪም ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

6ኛ ጥያቄ፦ "ቀዶ ሕክምናው ዓይን ያወጣል ይባላል። እውነት ነው ወይ?"

እውነት አይደለም። ለታጠፈ ፀጉር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በብሌኑ ላይ አይደለም፤ በቆቡ ላይ ነው። ባለሙያው ቆቡን በመርፌ ያደነዝዛል። የታጠፈውን ቆብ ቀድዶ ወደ ውጭ ይመልስና ይሰፋዋል። ሽፋሽፍቱ እንደ ቀድሞው ወደ ውጭ ይሆናል። በብዙ ቦታ ይህን ሥራ የሚሠሩት በጤና ጣቢያ ያሉ በደንብ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። የታከመው ሰው አልጋ ሳይዝ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓይኑ ስለሚሸፈን ግን ይዞት የሚመለስ ሰው ያስፈልገዋል። ለጥቂት ቀናት ከምድጃ ጭስና ከአቧራ መራቅ አለበት። ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ሄዶ መታየትም አይቅር።

ሁለት ነገር ከአሁኑ ዕወቁ። አንደኛ፣ ቀዶ ሕክምናው መወጋቱን ያቆማል፤ ጠባሳ የወጣበትን ዓይን ግን አዲስ አያደርገውም። ቀድሞ የመጣ ሰው የተረፈውን ብርሃን ይዞ ይቀራል። ዘግይቶ የመጣ ሰው የጠፋውን አያገኝም። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ፀጉሩ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። ይህ ሲሆን "ሕክምናው ውሸት ነው" ብሎ መቅረት ሳይሆን ተመልሶ መሄድ ነው።

ባሎች፣ ልጆችና ጎረቤቶች እዚህ ላይ ሥራ አላችሁ። ለሐዘንና ለሠርግ ተራ ገብታችሁ እንጀራ ትጋግራላችሁ፤ በደቦ ታርሳላችሁ። ዓይኗን ልትታከም ለምትሄድ እናትም ለአንድ ሳምንት ተራ ግቡላት። አንዱ ውሃ ይቅዳ፤ አንዷ ትጋግር፤ አንዱ ከብቱን ያግድ።

7ኛ ጥያቄ፦ "የዓይን ሞራ በቅጠል ይገፈፋል? እስኪበስልስ መጠበቅ አለበት?"

በ1998 ዓ.ም. ጥናት ከ100 ዓይነ ስውራን 50 ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በዓይን ላይ የሚጋረድ ቆዳ አይደለም። በብሌኑ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ጥሩ መስተዋት አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ መስተዋት ይደፈርሳል። ያለበት ቦታ ከውስጥ ስለሆነ ቅጠልም፣ ጠብታም፣ ቅባትም አይገፍፈውም። የሚድነው በቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን ያወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ መስተዋት ያስገባል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ የልጅ ልጁን ፊት እንደገና አይቷል።

"እስኪበስል ጠብቅ" የሚለው የድሮ ነገር ነው። ዛሬ ሥራ የሚከለክል ያህል ከደበዘዘ መታየት ይገባል። ደግሞም ጭልጭል ያለ ሁሉ ሞራ አይደለም። ግላኮማ የሚባል በሽታ አለ። ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም፣ ከጎን ከጎን እያጠበበ ዓይንን ያጠፋል። በእርሱ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ግን ሕክምና አለ። ስለዚህ "ሞራ ነው፤ ይቆየኝ" ብሎ በራስ መፍረድ አደገኛ ነው።

8ኛ ጥያቄ፦ "ዓይን ሲቆጣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ብናደርግስ? ጠበልስ?"

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይባላል። ቅጠሉ ግን ለእሳቱ ነው እንጂ ለዓይኑ አይደለም። የቅጠል ጭማቂ ዓይንን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያልታጠበ እጅም ተሐዋስ ያስገባል። የጡት ወተትም የዓይን መድኃኒት አይደለም። ከገበያ የተገዛ ወይም ለጎረቤት የታዘዘ ጠብታም እንዲሁ ሊጎዳ ይችላል።

ጠበል የእምነት ጉዳይ ነው። እኛ በዚያ መካከል አንገባም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠበል መሄድ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው አለ። ጉዳቱ "ጠበሉን ልጨርስ" እያሉ ወራት ሲያልፉ ነው።

በዚህ አካባቢ በርበሬ ይመረታል። በርበሬ ሲለቀምና ሲቀነጠስ በዚያ እጅ ዓይን አትንኩ። ከነካችሁ አትሹት፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጤፍ ሲወቃ ገለባ፣ በቆሎ ሲፈለፈል ፍሬ፣ እንጨት ሲፈለጥ ስንጣሪ ዓይን ይመታል። ትንሽ ጭረት በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ትልቅ ቁስል ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዓይኑ ከተመታ በኋላ የቀላ፣ ብርሃን የፈራ ወይም የደበዘዘበት ሰው በዚያው ቀን ይሂድ። የተሰካ ነገር ካለ በእጃችሁ አትንቀሉት። ዓይኑን ሳትጫኑ ሸፍናችሁ ውሰዱት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ቢያብጥና መግል ቢይዝ እርሱም ለነገ አይባልም።

9ኛ ጥያቄ፦ "ልጄ ቀን ያያል፤ ሲመሽ ግን ይደናበራል። ምንድር ነው?"

ዳፍንት ነው። የሚመጣው ሰውነት ቫይታሚን ኤ ሲያጣ ነው። ካልታከመ ዓይኑ ይደርቃል፤ ይቆስላል፤ ሊጠፋም ይችላል። ልጁን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቫይታሚኑ በጎመን፣ በዱባ፣ በካሮት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በጉበት ውስጥ ይገኛል። እንቁላሉ ሁሉ ወደ ገበያ አይሂድ፤ ጥቂቱ ለልጁ ይቅር። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ጠብታ አታስቀሩ። ኩፍኝም ዓይን ያጠፋልና ልጁ 9 ወር ሲሞላው ክትባቱን ይከተብ፤ የሚቀጥለውንም በቀጠሮው ይውሰድ።

10ኛ ጥያቄ፦ "ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ዓይኔ ደከመ። ንባብ ዓይን ያጠፋል ወይ?"

ይህን የጠየቁን በዕድሜ ከፍ ያሉ አባቶችና እናቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ሊተዉ አስበዋል። እባካችሁ አትተዉ። ንባብ ዓይን አያጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው በዓይን ውስጥ ያለው መስተዋት እየደረቀ ይሄዳል። ሩቁን ያያል፤ ቅርቡ ግን ይደበዝዝበታል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ይህ ይደርስበታል። አሮጊት እናት ክሩን በመርፌ ቀዳዳ እንድታስገባላቸው የልጅ ልጃቸውን የሚጠሩት ለምንድር ነው? ከምስር ውስጥ ጠጠር መልቀም የሚያቅታቸውስ? እርሳቸው መጽሐፍ አላነበቡም። ዕድሜ ነው። ንባቡ ችግሩን አሳያችሁ እንጂ አላመጣውም። መፍትሔው የንባብ መነጽር ነው። በተመረመረ ልክ የተገዛ መነጽር ፊደሉን መልሶ ያጠራዋል። መነጽር እስኪገኝ በቀን ብርሃን አንብቡ፤ ወረቀቱን ራቅ አድርጉት። በኩራዝ ማንበብ ዓይን ያደክማል፤ ጭሱም ያቆጣል፤ ግን አያሳውርም። ጥቁር ሰሌዳውን ከሩቅ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ካለም "ሰነፍ ነው" ከማለት በፊት ዓይኑ ይታይ።

ወገኖቻችን፤ ጥያቄዎቹ 10 ናቸው፤ መልሳቸው ግን አንድ ነው፤ ሳይዘገዩ መታየት። ዓይኑ የሚወጋው፣ የሚያለቅሰው ወይም የደበዘዘበት ሰው በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ወደ ሆስፒታል ይልካል። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ሐኪሞች አሉ።

ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ የቤተሰባችሁን ዓይን በብርሃን ተመልከቱ። ከልጅ ጀምራችሁ እስከ አያት ድረስ ተመልከቱ። የቀላ፣ የሚፈስ፣ ፀጉሩ የታጠፈ ወይም የደበዘዘ ዓይን ካያችሁ ስሙን በደብተራችሁ ጻፉት። መጻፍ ችላችኋል። ከስሙ አጠገብ ደግሞ የምትሄዱበትን ቀን ጻፉ። ቀኑ ከጤፉ በኋላ አይሁን።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የዓይን ማዝ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በምን በምን ነው?
2. ወረንጦ የታጠፈውን ቆብ የማያድነው ለምንድር ነው?
3. የዓይን ሞራ በቅጠል ወይም በጠብታ የማይድነው ለምንድር ነው?
4. በመንደራችሁ ዓይኑን የሚመራው ልጅ ያለው ሰው አለ? ልጁ ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?
5. ለሕክምና የምትሄድን እናት ሥራ ማን ማን ተራ ሊገባላት ይችላል? ስማቸውን ጻፉ።